መቆስቆሻና ጉጠት የገለጡት ምስጢር

ብሎን ከጠባብ ቦታ ስቦ የሚያወጣ ካቻቪቴ ለሠራተኛ ወዳጅ ነው። ብናኝ አልለቅ ብሎት የሚያስቸግር ሞረድ ግን ሥራ ያበላሻል። የእጅ መሣሪያን ማግኔት ማድረግም ሆነ ማግኔትነቱን ማስለቀቅ ዛሬ በየቤቱ የሚሠራ ቀላል ነገር ነው። ይሁንና ይህ ጥበብ አንድ ጊዜ እንደ ውድ ንብረት ተቆልፎበት ነበር። (ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከቀጥቃጭ ቤት ይጀምራል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት በ1600 ባሳተመው መጽሐፍ መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት መሆኗን አስረዳ። ከማስረጃዎቹ አንዱ የጋለ ብረት ነበር። ብረቱ በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ ተጋድሞ እየቀዘቀዘ ሲቀጠቀጥ የማግኔት ጠባይ ያገኛል። እንደ ፍም እስኪቀላ ቢግል ደግሞ ያገኘውን ያጣል።

ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በ1740ዎቹ ጎዊን ናይት የተባለ የለንደን ሐኪም ከተፈጥሮ ማግኔት ድንጋይ እጅግ የበረቱ የአረብ ብረት ማግኔቶችን ሠራ። በ1747 የሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ ተሸለመ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይልም ኮምፓሶቹን ተቀበለ። ናይት ማግኔቶቹን ለምሁራን ቢያሳይም፣ እንዴት እንደሠራቸው ግን አልተናገረም።

ምስጢሩን ከደጅ ያወጡት ሌሎች ናቸው። ጆን ሚሼል በ1750 ሰው ሠራሽ ማግኔት ስለመሥራት መጽሐፍ አሳተመ። በ1751 ደግሞ የሸማኔ ልጅ የነበረው የለንደን መምህር ጆን ካንተን የራሱን ዘዴ ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ሚሼል «ከእኔ የተወሰደ ነው» ሲል ቢከሰውም፣ ሜዳሊያው በዚያው ዓመት ለካንተን ተሰጠ።

የካንተን ዘዴ የማግኔት ድንጋይ አያስፈልገውም። የሚጠይቀው በየቤቱ ያለውን የእሳት መቆስቆሻና ጉጠት ብቻ ነው። መቆስቆሻው በጉልበት መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ትንሽ የአረብ ብረት ዘንግ በሐር ክር ይታሰርበታል፤ ከዚያም ዘንጉ በጉጠቱ የታች ጫፍ ከታች ወደ ላይ አሥር ጊዜ ያህል በየጎኑ ይታሻል። ካንተን መሣሪያዎቹ ትላልቅና ብዙ ያገለገሉ ቢሆኑ ይመረጣል ይላል። ምክንያቱም ምድጃ አጠገብ ቆመው ሲግሉና ሲቀዘቅዙ የኖሩ ብረቶች ከመሬት ማግኔትነትን ወርሰዋል። ዛሬ ካቻቪቴን በማግኔት ደጋግመን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስናሽ የምንከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። በብረቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚያዩ ጥቃቅን የማግኔት ክፍሎች በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ።

ማስለቀቅ ማለት ይህን ሰልፍ መበተን ነው። ፒየር ኩሪ በ1895 ማግኔትነት በሙቀት እንዴት እንደሚጠፋ በዝርዝር መረመረ። ለብረት ወሰኑ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሞረድን ግን እንዲህ ማጋል ጥንካሬውን ያጠፋዋል። ስለዚህ መሣሪያው አቅጣጫውን በሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ በሚሠራ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ይገባና ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ቀስ እያለ ይርቃል። ክፍሎቹ ወዲያና ወዲህ ሲገላበጡ ኃይሉ እየደከመ ይሄድና ሳይሰለፉ ይቀራሉ። ኤሌክትሪኩ መሐል ላይ ቢቋረጥ ግን መሣሪያው እንደገና ማግኔት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ናይትና ካንተን በአንድ ዓመት፣ በ1772፣ ሞቱ። የናይት አንዱ ዘዴ የታተመው ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ ነው። የመምህሩ ዘዴ ግን ያን ጊዜ ከታተመ 28 ዓመት ሆኖት፣ መቆስቆሻና ጉጠት ላለው ሁሉ ተዳርሶ ነበር።