ከጠለፋ በኋላ የተሰጠ ፈቃድ

በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው የጠለፋ ጋብቻ በሕግ ባለሙያው ፊት ያቀረበው አስቸጋሪ ጥያቄ ስለ ኃይሉ ድርጊት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው እሺታ ነው። ልጅቱ በጠላፊው ቤት ከሰነበተች፣ ሽማግሌዎችም ከወላጆቿ ጋር ስለ ካሳው ተነጋግረው ዕርቅ ካወረዱ በኋላ የምትሰጠው ቃል እንደ ፈቃድ ሊቈጠር ይገባልን?

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በቁጥር 558 ጠላፊው ከ3 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ፈቃዷን በማስፈራራት ወይም በማታለል አግኝቶ የወሰዳትም በዚሁ ይቀጣ ነበር። ይሁን እንጂ ተበዳይዋ ከጠላፊዋ ጋር በነጻ ፈቃዷ የጸና ጋብቻ ከፈጸመች ክሱ እንዲቀር አደረገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በኃይል የተገኘ የጋብቻ ፈቃድ እንደማይጸና አስታወቀ። ስለሆነም በጽሑፍ ረገድ የፈቃድ ነጻነት የተጠበቀ ይመስል ነበር።

ችግሩ ቃሉ በሚሰጥበት ሰዓት በልጅቱ ላይ የተነጣጠረ መሣሪያ አለመኖሩ ነው። በዚያ ሰዓት የሚያስገድዳት ሌላ ነው፤ ይኸውም ወደ ወላጆቿ ብትመለስ የሚያገባት እንደማይገኝ፣ እምቢ ብትልም ሁለቱ ወገኖች ደም እንደሚቃቡ የሚነግራት የዘመድ ምክር ነው። ሽማግሌዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚደክሙት ለሰላም ነበር፤ የሰላሙን ዋጋ የምትከፍለው ግን ልጅቱ ነበረች። ከዚህም በላይ ጋብቻው ክሱን የሚያስቀር በመሆኑ፣ የጠላፊው ወገኖች እሺታዋን ለማግኘት እንዲበረቱ ምክንያት የሰጣቸው ሕጉ ራሱ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ቅጣቱን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ከማድረጉም ሌላ፣ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከወንጀል ኃላፊነት እንደማያድነው ደነገገ። ታላቁ ለውጥ ከቅጣቱ መክበድ ይልቅ ይህ ነው፤ የልጅቱ እሺታ የጠላፊዋ ነጻ መውጫ መሆኑ ቀርቷልና።

ሆኖም ጉዳዩ በሽምግልና ተሸፍኖ ከፖሊስና ከፍርድ ቤት በሚቀርበት ስፍራ ሁሉ የቀድሞው ልማድ ሊቀጥል ይችላል። እንግዲህ ዳኛውም ሆነ ሽማግሌው ልጅቱ እሺ ማለቷን ሰምቶ ሊረካ አይገባውም። እምቢ ብትል ኖሮ በደኅና የምትገባበት ቤት ነበራት ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። መልሱ የለም ከሆነ፣ እሺታው የእርሷ ሳይሆን በዙሪያዋ የቆሙት ሰዎች ቃል ነው።