የባቢሎን ዞዲያክ፦ ከወቅት ቆጠራ እስከ ዕድል ንባብ

ዞዲያክ ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች ሲመላለሱበት የሚታየው፣ በ12 እኩል ክፍሎች የተከፈለ የሰማይ መንገድ ነው። ይህን አከፋፈል ያስገኙት በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል፣ በዛሬዋ ኢራቅ ይኖሩ የነበሩት ባቢሎናውያን ናቸው። ዛሬ ዞዲያክ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት ዕድል ንባብን ቢሆንም፣ አንዱ ሥሩ ገበሬን በሚያሳስበው የወቅት ቆጠራ ውስጥ ይገኛል።

የባቢሎን ወር የሚጀምረው አዲስ ጨረቃ በምሽት ስትታይ ነበር። 12 የጨረቃ ወራት ግን 354 ቀናት ያህል ብቻ ስለሆኑ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀናት ገደማ ያንሳሉ። ጉድለቱ በ3 ዓመት ውስጥ አንድ ወር ያህል ይሞላል፤ ካልታረመም የገብስ አጨዳ ከተለመደው ወሩ ይወጣል። ስለዚህ በየጊዜው 13ኛ ወር ይጨመር ነበር።

ለዚህ ውሳኔ ከዋክብት ምስክር ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1000 ዓመት ገደማ እንደተጠናቀረ የሚገመተው «ሙል አፒን» የተባለ የሸክላ ጽላት ጽሑፍ እንዲህ ይደነግጋል፦ የዓመቱ መጀመሪያ በሆነው በኒሳን ወር ጨረቃ ከሰባቱ ከዋክብት ጋር በ1ኛው ቀን ከተገናኘች ዓመቱ መደበኛ ነው፤ በ3ኛው ቀን ከሆነ ግን ወር ይጨመርበታል። ኋላም በ19 ዓመት ውስጥ 7 ወራት የመጨመር ቋሚ ሥርዓት ተተከለ።

ጽሑፉ በጨረቃ መንገድ ላይ ከ12 የሚበልጡ ኅብረ ከዋክብትን ይዘረዝራል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የእርሻ ስም አላቸው፤ ዛሬ በግ የምንለው «ቅጥር ሠራተኛ»፣ ድንግል የምንላትም «ፈር» ይባሉ ነበር። ፈር የእህል ዛላ ከምትይዘው ሻላ ከተባለች አምላክ ጋር ትያያዝ ነበር።

በ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መንገዱ እያንዳንዳቸው 30 ዲግሪ ለሆኑ 12 ክፍሎች ተደለደለ። ባቢሎናውያን ቀደም ሲልም ለንጉሥና ለአገር የሰማይ ምልክት ያነብቡ ነበር፤ እስካሁን ከተገኙት የግለሰብ የልደት ኮከብ ጽሑፎች ቀዳሚዎቹ ግን የ410 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ናቸው። ኮከብ የሰውን ዕጣ እንደሚወስን ሳይንስ ማስረጃ አላገኘም፤ ወቅትን ለመቁጠር ማገልገሉ ግን የተረጋገጠ ነው።

ዞዲያክ ከባቢሎን ወደ ግሪኮች፣ ከዚያም ወደ ዐረቦች ተሻግሯል። በአገራችን ኮከብ ቆጣሪዎች ዘንድ የሚታወቁት ሐመል፣ ሰውርና ሰንቡላ የዐረብኛ ስሞች ናቸው። የድንግል ክፍል መጠሪያ የሆነው «ሰንቡላ» ትርጉሙ የእህል ዛላ ነው፤ የባቢሎን ማሳ ትዝታ በዚህ ስም እስከ ዛሬ አለ።