የልቡና ጥበብ በቅኔ ቤት፤ ከዳዊት ንባብ እስከ ትርጓሜ

ስለ ቅኔ የሚጻፉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በተገኘው ቅኔ ላይ ነው፤ ሰሙ ከወርቁ ይለያል፣ ምሥጢሩ ይብራራል። ቅኔውን ያስገኘው የልቡና ልምምድ ግን እምብዛም አይነሣም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ የቅኔ ቤት ዋና ሥራ ግጥም ማበርከት ብቻ ሳይሆን ቅዱሳት መጻሕፍትን ለመመርመር የሚችል ልቡና ማዘጋጀት እንደ ሆነ ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። ተማሪው ከፊደል ተነሥቶ 150ውን መዝሙረ ዳዊት አንብቦ ይዘልቃል፤ በዚህ ደረጃ ግን የግዕዙን ትርጉም ብዙም አይረዳም። ብዙውን ጊዜ ከዜማ ቤት በኋላ ቅኔ ቤት ይገባል። የብሉይና የሐዲስ ትርጓሜ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ግስና አገባብ ሳያውቁ መተርጎም አይቻልም የሚለው ምክንያት እውነት ቢሆንም በቂ አይደለም። የሚፈለገው ሰዋስው ብቻ ቢሆን ኖሮ ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ መቁጠር ባላስፈለገው ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ራሱ ቈጠራው ነው። ተማሪው ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይሄዳል። ያነበበውንና የሰማውን ታሪክ በዓይነ ልቡናው እየሣለ በአካባቢው ከሚያየው ነገር ጋር ያስተያያል። ለምሳሌ ሸማኔ ድርና ማግ ሲያገናኝ የተመለከተ ተማሪ፣ ይህን ሰም አድርጎ የቃልንና የሥጋን ተዋሕዶ ወርቅ ሊያደርግ ይችላል። ባለ 2 ቤት ከሆነው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ባለ 8 ቤት እስከ ሆነው መወድስ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተሳሳተውን አገባብና የተፋለሰውን ምሥጢር ያርማል። ስለዚህ ምናቡ ነፃ ቢሆንም ልቅ አይደለም።

በአውሮፓም ኢግናጥዮስ ሎዮላ እ.ኤ.አ. በ1548 በታተመው «መንፈሳዊ ልምምዶች» የወንጌልን ታሪክ በዓይነ ልቡና ማየትን ያስተምራል። በዚያ ተመስጦው በግል ጸሎት ይቋጫል፤ በቅኔ ቤት ግን በመምህር ፊት ተነግሮ በሚታረም ቃል ይቋጫል።

ቅኔ ለዕለቱ በዓል የሚቀርብ አዲስ ድርሰት በመሆኑ፣ ከተባለው ውስጥ በጽሑፍ የቀረው ጥቂቱ ነው። እንግዲህ ታሪኩን ከታተሙ መድበሎች ብቻ የሚጽፍ ተመራማሪ የሚያየው ከመከሩ የተረፈውን ቃርሚያ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በበዛብህ አማካይነት የቆሎ ተማሪን ሕይወት አሳይተዋል። መንግሥቱ ለማም የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳትመዋል። ልብ ወለድና ትዝታ በማስረጃነታቸው እኩል ባይሆኑም፣ ሁለቱም ከቅኔው ወደ ባለቅኔው አስተዳደግ ይመልሱናል።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን ወደ ጉባኤ ቤት ሲወርዱ የተቆጠረውን ቅኔ ብቻ መዝግበው ባይመለሱ መልካም ነው። ተማሪው ምን አይቶ እንደ ቆጠረ፣ መምህሩ የትኛውን ቃል ለምን እንዳረመ መጠየቅ ያስፈልጋል። መምህሩና ተማሪው በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቀ፣ ይህን የሚመልስ ብራና አይገኝም።