የቤንዚን ሽታ፦ ከጣርማ በር እስከ መኪና ቤት

በደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ ባለመኪናው ማታ መኪናውን አስገብቶ የመኪና ቤቱን በር ግጥም አድርጎ ይዘጋል፤ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ሳይቀር በጆንያ ይወትፋል። ጠዋት በሩን ሲከፍት የቤንዚን ሽታ ይቀበለዋል። ወለሉን ቢያይ ጠብታ የለም፤ ኮፈኑን ቢያነሣም የረጠበ ነገር አያገኝም። «በዚህ ብርድ ቤንዚን አይተንም» ብሎ ራሱን ያጽናናና ወደ ሥራው ይሄዳል።

ይህ ማጽናኛ ስሕተት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል። ተኑም ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ በወለሉ ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከመቶ 1.4 እጅ ሲደርስ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። መኪና ቤቱ ከማድቤቱ ጋር በሚዋሰንበት ግቢ ደግሞ የከሰል ምድጃውም የሚቀመጠው ወለል ላይ ነው።

ሽታውን ተከትሎ ከምንጩ ለመድረስ፣ ቤንዚን በመኪና ውስጥ እንዴት ተይዞ እንደኖረ ማወቅ ይረዳል። ታሪኩ ከባሕር ማዶ ቢጀምርም የሰሜን ሸዋ ተራሮች በውስጡ ድርሻ አላቸው።

በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ የተወለዱትና አንኮበርን መናገሻቸው አድርገው የቆዩት ዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ያዩት መናገሻው ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ በኋላ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አደረሰላቸው። ባቡሩ ያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበርና ቤንዚኑ ከዚያ ወዲህ ከእንስሳት ጀርባ በቀር መምጫ አልነበረውም። የዚያ ዘመን መኪና በሙሉ ክፍት ነበር ማለት ይቻላል። ነዳጁ ሲጎድል በምትኩ አየር መግባት ስላለበት የታንኩ ክዳን ቀዳዳ ነበረው፤ የካርቡራተሩም ማጠራቀሚያ ወደ ውጭ ይተነፍስ ነበር። መኪና ቤንዚን ቢሸት ማንም ምክንያቱን አይፈልግም፤ ተፈጥሮው ነውና።

አንኮበር ከዚህ ሁሉ ራቀች። ሲራራ ነጋዴው በአልዩ አምባ በኩል ወደ ላይ ሲወጣባት የነበረችው ከተማ፣ የመኪናው መንገድ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና በኩል ሲቀየስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ቀረች።

በዚህ መንገድ ላይ ቤንዚን በብዛት የታየው በክፉ ቀን ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከደሴ የተነሣው የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከ1500 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ መጣ። ጣርማ በር ላይ ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰው ስለ ጠበቁት፣ ሠራዊቱ ድንጋይ እየተሸከመ መንገዱን እስኪጠግን ድረስ ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በኋላም ኢጣልያኖቹ ተራራውን ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሰርስረው ዛሬም የሚታለፍበትን ዋሻ ሠሩ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን እያሉ የሚነጋገሩት መካኒኮቻችን የሙያ ቋንቋቸው ምን ያህል ከኢጣልያንኛ እንደ ተወረሰ ሁልጊዜ ልብ አይሉትም፤ ቤንዚን የሚለውም ቃል ከዚሁ ወገን ነው።

ከፍታው ለመሐንዲስ የተለየ ጥያቄ ያቀርባል። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ግን ወደ 72 ይወርዳል። ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ ቤንዚንም ለመትነን ይቀለዋል። በጋለ ሞተር አጠገብ በሚያልፈው ቱቦ ውስጥ ቤንዚኑ ተን ይሆንና ፖምፓው የሚስበውን ያጣል፤ አሮጌ ሾፌሮች ዳገት ላይ ቆመው ፖምፓውን እርጥብ ጨርቅ የሚያለብሱት ለዚህ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተርም እዚህ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳበት ቤንዚን ያበዛል፤ ያልተቃጠለው በጭስ ማውጫው በኩል ይሸታል።

መኪናው እንዲዘጋ ያስገደደው ግን የካሊፎርኒያ ፀሐይ ነው። አሪ ሃገን-ስሚት የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሎስ አንጀለስን ዐይን የሚያቃጥል ጉም ከቤንዚን ተንና ከመኪና ጭስ ጋር አያያዘው። ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1970 ካሊፎርኒያ፣ በ1971 መላዋ አሜሪካ ከታንክና ከካርቡራተር የሚወጣው ተን እንዲያዝ ደነገጉ። መያዣ ሆኖ የተመረጠውም ከሰል ነው፤ እርግጥ ምድጃ ላይ የምናውቀው ሳይሆን እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዲኖሩት ተደርጎ የተዘጋጀ ከሰል። በዕቃ ውስጥ ታሽጎ ሞተሩ በቆመ ጊዜ ተኑን ይመጥጣል፤ ሞተሩ ሲሠራ ተኑ በቫልቭ በኩል ተስቦ ይቃጠላል።

እንግዲህ የደብረ ብርሃኑ ባለመኪና መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ሽታው መቼ እንደሚመጣ ነው። ማታ ከሸዋ ሮቢት ወጥቶ እንደ ገባ ከሸተተ፣ መንገዱ ራሱ ይናገራል። 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ 1500 ሜትር ያህል ወጥቷል፤ የውጭው ግፊት በ15 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለ ቀነሰ ታንኩ ውስጥ የታመቀው ተን መውጫ ይፈልጋል። የከሰሉ ዕቃ ከሞላ፣ ወይም ቀጂው ፖምፓው ካቆመ በኋላ አፍ እስከ አፍ ሞልቶት ከሰሉን በቤንዚን ካራሰው፣ ሽታው መኪና ቤት ውስጥ ይቀራል። የታንኩ ክዳን ጎማ መድረቁም ያው ውጤት አለው።

ሽታው ጠዋት፣ ሞተሩ ገና እንደ ተነሣ የሚበረታ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያረጀ የጎማ ቱቦ በውርጭ ይኮማተርና ከማሰሪያው ሥር ጥቂት ያፈስሳል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ቱቦው ተመልሶ ይገጥማል፣ የፈሰሰውም ይተናል። መኪናው ለመካኒክ የሚቀርበው ከረፋድ በኋላ ስለሆነ መካኒኩ ምንም አያገኝም፤ ባለቤቱም እንደ ተጠራጣሪ ሰው ይታያል። መካኒኩን ማለዳ ወደ ቤት መጥራት ብዙ ዕቃ በከንቱ ከመለወጥ ያድናል። በአዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. ከመቶ 5፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 10 እጅ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ በተጀመረ ጊዜም፣ ለኤታኖል ያልተሠሩ አሮጌ ቱቦዎች ይበልጥ ለጉዳት የሚጋለጡ ሆነዋል።

በፍለጋው ጊዜ በሩ አስቀድሞ ተከፍቶ ይቆይ፤ መብራት አይብራ፣ አይጥፋም፣ ማብሪያው ብልጭታ አለውና። ክብሪት ጭሮ ከኮፈን ሥር ማየት የሚባል ልማድም አለ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው እስካሁን የዳነው በዕድል ነው። አፍንጫም ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሽታውን ይለምድና ስለማይመሰክር፣ እየወጡ ንጹሕ አየር መውሰድ ያስፈልጋል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በየግቢው ያሉት የቤንዚን መኪናዎች ግን ከነቱቦአቸው እያረጁ ሥራቸውን ቀጥለዋል። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ባለቤቶቻቸው ለክፉ ቀን ብለው በጀሪካን ያስቀምጣሉ። ጀሪካን ስሙን ያገኘው እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠላታቸውን የጀርመኖችን የብረት ዕቃ አይተው ስለ ቀዱት ነው፤ የራሳቸው ስስ ቆርቆሮ በሰሜን አፍሪካ በረሃ ቤንዚን እያፈሰሰ አስቸግሯቸው ነበርና። የእኛው ቢጫ ፕላስቲክ ግን የዘይት ወይም የውሃ ዕቃ ነው፤ ክዳኑ ተንን አያግድም፣ ፕላስቲኩ ራሱም ቀስ በቀስ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ታንኩ፣ ቱቦውና ከሰሉ ሁሉ ደኅና ሆነው ሽታው ካልጠፋ፣ ከመኪናው ጀርባ በጆንያ ተሸፍኖ ጥግ የተቀመጠውን ዕቃ ማንሣት ነው።