ዓይን የማያሳብቀው የወፍ በሽታ

በደርግ ዘመን በጎጃም ገጠር በነርስነት ሥራ ስጀምር፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው በቀጥታ ወደ ክሊኒክ አይመጣም ነበር። መጀመሪያ የሚሄደው የወፍ መድኃኒት ከሚያውቁ ሰዎች ዘንድ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው እዚያ ሳይሻለው የቀረው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ገና በር ላይ ቆሞ «ዶክተር፣ መርፌውን ብቻ ይተዉልኝ» ይላል። ወፍ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ አይተርፍም ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። ይኸው ሰው ራሱን ሲያመው ወይም ሲያስለው ግን «ክኒን ምን ያደርግልኛል፣ መርፌ ውጉኝ» ብሎ ይለምናል።

በአካባቢያችን ስመ ጥር የነበሩት አዋቂ አንዲት እማሆይ ናቸው። ሰንሰል የሚበጥሱት ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ሲሄዱም ሲመለሱም ሰው ቢጠራቸው አይመልሱም። ቅጠሉን በሙቀጫ ወቅጠው፣ በነጠላ ጫፍ ጨምቀው፣ በቡና ስኒ ለክተው በባዶ ሆድ ያጠጣሉ። ቅቤ፣ ሥጋና እንቁላል ይከለክላሉ። ሕመሙ የመጣው የሌሊት ወፍ ሲበር ጥላው ሰው ላይ አርፎ ነው ይላሉ። ገንዘብ አይጠይቁም፤ የዳነ ግን እህልም ቢሆን ይዞ ሳይመለስ አይቀርም። መድኃኒቱን የሚያወርሱት ከልጆቻቸው ለአንዱ ብቻ ነው።

አብዛኛው በሽተኛቸው ይድን ነበር። የሚመጡላቸው ባመዛኙ ልጆችና ወጣቶች ሲሆኑ፣ የያዛቸውም በቆሸሸ ውኃና ባልታጠበ እጅ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኤ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ቫይረስ ጉበትን ለጥቂት ሳምንታት አቁስሎ፣ በአብዛኛው ያለምንም መድኃኒት ይለቃል። ጉበት ራሱን ይጠግናል፤ ምስጋናው ለሰንሰል ይሆናል። ክሊኒኩም ከእረፍት፣ ከፈሳሽና ከምክር ሌላ የሚሰጠው ስላልነበረ በእማሆይ ላይ የምንኮራበት ምክንያት አልነበረንም።

ዓይን የሚያቀልመው በሽታ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ዓለምም የተረዳው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹን የቢጫ ወባ ክትባት ሲከትብ፣ ክትባቱ ውስጥ የገባው የሰው ደም ውኃ ተበክሎ ስለነበር 50,000 ያህል ወታደሮች ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ገቡ። ያ በደም የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ቢ ነበር። የቫይረሱን ምልክት በ1960ዎቹ ባሩክ ብሉምበርግ ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ አገኘ፤ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሚኻይል ባላያን የተባለው የሶቪየት ሐኪም ደግሞ አፍጋኒስታን ውስጥ ከታመሙ ወታደሮች ዓይነ ምድር የተጣራ ናሙና ራሱ ጠጥቶ ታመመና ዛሬ ሄፓታይተስ ኢ የምንለውን በ1983 ለዓለም አሳወቀ። ሄፓታይተስ ሲ የተገኘው በ1989 ነው።

በእኛ አገር ይህን መንገድ የጠረጉት ጎንደሬው የውስጥ ደዌ ሐኪም ፕሮፌሰር እደማርያም ፀጋ ናቸው። በ1981 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በሠራዊቱ መካከል የወፍ በሽታ ሲዛመት፣ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የወታደሮቹን ደም መርምረው መንስኤው ሄፓታይተስ ኢ መሆኑን አሳዩ። ይህ ቫይረስ ሰው በተጨናነቀበትና ዓይነ ምድር ከመጠጥ ውኃ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይነሣል፤ በ2006 ዓ.ም. በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎችም ተከስቷል። ብዙውን ሰው ሳይገድል ቢያልፍም፣ የመውለጃዋ ጊዜ በተቃረበ ነፍሰ ጡር ላይ ግን ይጨክናል።

ዓይን ላይ ብዙ ጊዜ የማይታየው ቢ ደግሞ በዚያው ጊዜ በየቤቱ ይዞር ነበር። ያኔ የምንጠቀመው ሲሪንጅ ብርጭቆ ነው። በብረት ሣጥን ውስጥ ይቀቀላል፤ የደነዘዘ መርፌ በድንጋይ ይሳላል። ሃያ ደቂቃ በደንብ ከፈላ ቫይረሱ ይሞታል። በገበያ ቀን ከቤት ቤት የሚዞረው መርፌ ወጊ ግን በአልኮል ጠረግ አድርጎ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፍ ነበር። ዋግምት የሚያደርገው፣ እንጥል የሚቆርጠው፣ የሚገርዘውና የሚነቅሰው ሁሉ አንዱን ምላጭ ለብዙ ሰው ያውላል። ቢ ደግሞ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል።

የከፋው ከእናት ወደ አራስ ሲተላለፍ ነው። ትልቅ ሰው ቢይዘው ከመቶ 95 ያህሉ ያሸንፈዋል፤ በጨቅላነቱ የተያዘ ልጅ ግን ከመቶ 90 ያህሉ ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል። ሳያመው ያድጋል፣ ያርሳል፣ ያገባል። አንዳንዱ ግን አርባ ዓመት ገደማ ሲሞላው ሆዱ ውኃ ይቋጥራል፣ እግሩ ይቀጥናል፣ ደም ያስታውከዋል። ቤተሰቡ መተት ነው ይላል፤ እኛም ሐኪም ቤት «ጉበቱ አልቋል» ብለን እንመልሰዋለን። እማሆይ ዘንድ ሄዶ አያውቅም፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ አያውቅማ።

የአውራጃው ሁሉ ጭንቀት በሚታየው ቢጫ ላይ ሲሆን፣ የሚገድለው ግን በዝምታ ይወርድ ነበር። መርፌ የተፈራው ከታመሙ በኋላ ነው፤ መፈራት የነበረበት ገና ጤነኛ ሳሉ፣ ያልተቀቀለ ሲሆን ነበር።

ለውጡ የመጣው በሁለት ነገር ነው። ክትባት የሚሰጥበት መርፌ አንዴ ከተወጋበት በኋላ ራሱን የሚቆልፍ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ሄፓታይተስ ቢን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕፃናት መሰጠት ጀመረ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ይወስዱታል። ከዚያ ዓመት በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን ግን ሳንከተብ ያደግን ነን። ስለዚህ ለሌላ ጉዳይ ደም ስትሰጡ «የጉበት ቫይረሱንም እዩልኝ» በሉ። ቢ ከተገኘ፣ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ቫይረሱ ይታገድለታል፤ ሲ ደግሞ በሦስት ወር ገደማ ክኒን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ይድንበታል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ምርመራው ይቅር አትበሉ፤ ውርሱ የሚቆረጠው እዚያ ነው።