የኤዲንብራ እሳት አጥፊዎችና የ1824ቱ ቃጠሎ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1824 ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኦክቶበር መባቻ፣ የስኮትላንድ ርእሰ ከተማ ኤዲንብራ ጄምስ ብሬድዉድ የተባለውን የ24 ዓመት ወጣት የእሳት ማጥፊያ መኪናዎቿ አለቃ አድርጋ ስትሾም፣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ የከተማይቱ እምብርት በነበልባል ተበልቶ እንደሚያድር፣ ወጣቱም ሰዎቹን በወጉ ሳያሠለጥን ኤዲንብራ ካየቻቸው ቃጠሎዎች ሁሉ ከከፋው ጋር ፊት ለፊት እንደሚጋጠም የገመተ ሰው አልነበረም። ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ከእሳቱ ግዝፈት ይበልጥ ከተማይቱ ከመዓቱ በኋላ የሰጠችው ፍርድ ስለሚያስደንቀኝ ነው።

አሮጌው ኤዲንብራ በምዕራብ ከአለት አናት ላይ ከተሠራው ምሽግ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ እስከ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ድረስ በሚወርድ ጠባብ ሸንተረር ላይ የተቆረቆረ ከተማ ነው። ቦታው ወደ ጎን የማይሰፋ በመሆኑ ሕዝቡ በየዘመኑ ወደ ላይ እየሠራ፣ ደርብ በደርብ ላይ እየጨመረ ስለ ኖረ፣ በፊት ለፊት ሲታይ መጠነኛ የሚመስል ቤት በስተኋላ በቁልቁለቱ በኩል ሲቆጠር አሥራ አንድ ደርብ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ከዋናው ጎዳና ከሃይ ስትሪት ግራና ቀኝ ‹‹ክሎዝ›› የሚባሉ፣ ሠረገላ ቀርቶ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን በጭንቅ የሚተላለፉባቸው ስርጦች ወደ ታች ይወርዳሉ። ከ1767 ጀምሮ ከሸንተረሩ በስተሰሜን አዲሱ ከተማ ሲታቀድና ሲሠራ ባለጸጎቹ ቀስ በቀስ ወደዚያ ስለ ፈለሱ፣ በአሮጌዎቹ ደርቦች ውስጥ ተጨናንቆ የቀረው አብዛኛው ድኻው ነበር። ነገር ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ የጠበቆች ቤተ መጻሕፍትና ጥንታዊው የሴንት ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን በዚያው በድኻው ጉያ ነበሩ፤ ደራሲው ሰር ዋልተር ስኮትም በዚያ ዘመን የዚሁ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረ።

ከተማይቱ እሳትን ስለ መከላከል አስባ አታውቅም ማለት አይቻልም። ምክር ቤቷ ገና በ1703 እሳት የሚያጠፋ ማኅበር እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራውን በይበልጥ የያዙት የመድን ኩባንያዎች ሆኑና፣ ኩባንያው ሁሉ የራሱን መኪናና የራሱን ሰዎች ይዞ በየፊናው ይሰለፍ ጀመር። በእነዚህ ሰዎች ላይ የጀግንነት ጉድለት ነበረባቸው ብሎ የሚፈርድ ቢኖር ይሳሳታል፤ የጎደላቸው ማን ማንን እንደሚያዝ የሚወስን ሥርዓት ነበር። ስለዚህ በ1824 የበጋ ወራት ቃጠሎ እየተደጋገመ ከተማይቱን ባስጨነቃት ጊዜ፣ ኩባንያዎቹና የከተማው ሹማምንት ተመካክረው ወጪውን በጋራ ሊችሉ፣ መኪናዎቹና ሰዎቹም በአንድ አለቃ ሥር ሊጠቃለሉ ተስማሙ። በብሪታንያ ምድር የከተማ የእሳት አደጋ መከላከያ ድርጅት የሚባለው በዚህ ዓይነት ተወለደ።

በዚያ ዘመን የእሳት ማጥፊያ መኪና ሲባል አንባቢ ሞተር ያለውን እንዳያስብ፣ አሠራሩን በጥቂቱ መግለጽ ይገባል። መኪናው በመንኰራኩር ላይ የተቀመጠ የውኃ ሣጥን ሲሆን፣ በውስጡ ተራ በተራ የሚሠሩ ሁለት ፓምፖች አሉት። በግራና በቀኝ በተዘረጉት ረጃጅም እጀታዎች ላይ ሰዎች ተሰልፈው አንዱ ወገን ሲጫን ሌላው ሲያነሣ፣ ውኃው አየር ወደ ታመቀበት ዕቃ ይገፋል፤ የታመቀውም አየር መልሶ ውኃውን ስለሚገፋው፣ በየምቱ እየተቆራረጠ ይወጣ የነበረው ውኃ ሳያቋርጥ በቆዳ ቱቦ እየተወረወረ ይሄዳል። ይህን እጀታ ሰዓታት ሙሉ ያለ ማቋረጥ መግፋት ክንድ የሚያዝል ሥራ ስለሆነ፣ ከመንገድ የተሰበሰበው ሕዝብ ካልተረዳዳበት በቀር የእሳት አጥፊዎቹ ኃይል ብቻውን አይበቃም ነበር።

ብሬድዉድ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ልጅ ነበረ፤ በከተማይቱ ስመ ጥር በሆነው በሮያል ሃይ ስኩል ከተማረ በኋላ በአባቱ ዘንድ የሕንፃን ሥራ ለምዷል። ቤት እንዴት እንደሚሠራ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው እንዴት እንደሚቃጠልና በየት በኩል እንደሚፈርስም አስቀድሞ ማየት ይችላልና፣ ሰዎቹን የመረጠው ከጥበበ እድ ባለሙያዎች መካከል ነው። ጣራ ሠሪው በከፍታ ላይ ሳይደነግጥ ይራመዳል፤ አናጢው የትኛው ተሸካሚ እንጨት ገና እንደሚጸና፣ የትኛው እንደሚከዳ ያውቃል፤ ግንበኛው የግድግዳውን መዘንበል ከሩቅ ይለያል፤ የቧንቧና የብረት ሠራተኛው የተበላሸውን በቦታው ይጠግናል። ቁጥራቸው ወደ 80 የሚጠጋው እነዚህ ሰዎች ቀን ቀን በየሙያቸው እየዋሉ፣ እሳት በተነሣ ጊዜ የሚጠሩ ነበሩ።

ሰኞ ኖቬምበር 15 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 7 ቀን 1817 ዓመተ ምሕረት በዘመነ ማቴዎስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ኦልድ አሴምብሊ ክሎዝ ከተባለው ስርጥ ‹‹እሳት!›› የሚል ጩኸት ተሰማ። እሳቱ የተነሣው ካርታና ሥዕል በመዳብ ሰሌዳ እየቀረጸ ያትም ከነበረው ከጄምስ ኪርክዉድ የሥራ ቤት ሲሆን፣ ምክንያቱ ለቀለም መበጥበጫ በእሳት ላይ ተጥዶ የነበረ የተልባ ዘይት ከመጠን በላይ ግሎ መቀጣጠሉ ነው። መኪናዎቹ ፈጥነው ቢደርሱም ወደ ስርጡ ለመግባት አልቻሉም። ውኃም በቶሎ አልተገኘም፤ በምድር ውስጥ የተቀበረው የውኃ መክፈቻ የት እንዳለ በጨለማ ሲፈለግ የማይመለስ ጊዜ ጠፋ። በመንፈቀ ሌሊት አራት ረጃጅም ቤቶች በአንድነት ይነዱ ነበር፤ ነፋሱም ፍሙን እያነሣ ከጣራ ወደ ጣራ ይዘራው ጀመር።

ከዚህ የከፋው ግን የትእዛዝ ብዛት ነበር። የከተማው ከንቲባ፣ ዳኞቹ፣ የመድን ኩባንያ ወኪሎችና የጦር መኰንኖች ሁሉ ለመርዳት ከልባቸው ደፋ ቀና ቢሉም፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሲል ሌላው ወደ ግራ ይላል፤ አንድ ቱቦ ሥራውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ ይታዘዛል። ከተሾመ ሳምንታት ብቻ ያለፉት የ24 ዓመት ልጅ ሽበት የያዙትን ሹማምንት ‹‹ዝም በሉ፣ አዛዡ እኔ ነኝ›› ለማለት የሚችልበት ሕግ በእጁ አልነበረም።

በማግሥቱ ማክሰኞ ወደ እኩለ ቀን ገደማ ነገሩ የበረደ መስሎ ሕዝቡ መተንፈስ ሲጀምር፣ በሃይ ስትሪት ዳር የቆመው የትሮን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት መቃጠሉ ታየ። ጉልላቱ በእንጨት የተሠራና በእርሳስ የተለበጠ ስለ ነበረ፣ ፍም ከላይ አርፎበት እንጨቱ ከውስጥ ሲቀጣጠል እርሳሱ ቀልጦ እንደ ዝናም ይወርድ ጀመር። ቱቦ ይዘው ወደ ጣራው የወጡት እሳት አጥፊዎች ከዚህ የእርሳስ ዝናም በታች ሊቆሙ አልቻሉምና ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ በ1673 የተቀረጸውም ታላቅ ደወል ከነመስቀያው ወደቀ። ለምእመናኑ ይህ ከቃጠሎ በላይ የሆነ ኀዘን እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም፤ ደወሉ በትውልድ ሁሉ ሰዓትን ሲነግር፣ ጸሎትን ሲጠራ የኖረ ነውና። ሆኖም የቤተ ክርስቲያኑ አካል ዳነ፤ ዛሬ የሚታየው የድንጋይ ጉልላት በ1828 የተተካው ነው።

በዚያው ዕለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ደግሞ በፓርላማ አደባባይ ካሉት ቤቶች ባለ አሥራ አንድ ደርቡ ከላይኛው ደርብ ተቀጣጠለ። በሁለት ሌሊት በአንድ ሰዓት፣ ፍጹም የተለያየ በሚመስል ቦታ እሳት ሲነሣ ያየው ሕዝብ ልቡ ተሸበረ፤ ይህ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ነው፣ እንደ ሰዶምና እንደ ገሞራ ልንጠፋ ነው የሚለውም ብዙ ነበር። ሁለት ቀን ያልተኛ፣ ቤቱንና ንብረቱን በዓይኑ ፊት ያጣ ሰው እንዲህ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? ፍርድ ቤቱ፣ የሊቃውንት መጻሕፍት የተከማቹበት ቤተ መጻሕፍትና የሴንት ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን ከነበልባሉ የጥቂት ክንድ ርቀት ላይ ነበሩ። የሕግ አዋቂዎችም ካባቸውን አውልቀው ከሠራተኛው ጋር የፓምፑን እጀታ ገፉ። በመጨረሻ ሦስቱም ቅርሶች ዳኑ፤ ረቡዕ የጣለው ዝናም ነበልባሉን ቢያበርደውም፣ ፍርስራሹ ጨርሶ የጠፋው ከአምስት ቀን በኋላ ነው።

አራት መቶ ያህል መኖሪያ ቤቶች ጠፉ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተ ሰቦች በክረምት መግቢያ ሜዳ ላይ ቀሩ። የሞቱት 13 ሲሆኑ ከነሱ መካከል ሁለቱ እሳት አጥፊዎች ነበሩ። ባዶአቸውን የቆሙት ረጃጅም ግድግዳዎችም በአላፊ አግዳሚው ላይ እንዳይወድቁ በሰንሰለት እየተጎተቱ፣ በባሩድም እየተናዱ ፈረሱ።

እንዲህ ካለ ጥፋት በኋላ ሕዝብ የሚፈልገው አንድ ጥፋተኛ ነው፤ ወጣቱም አለቃ ለዚህ የተመቸ ነበር። ወቀሳው መሰንዘሩ አልቀረም። ምርመራው በተደረገ ጊዜ ግን የታወቀው፣ ብዙ አዛዥ ባለበት ቦታ ሠራተኛው ሊሠራ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ለወደፊቱ በቃጠሎ ቦታ ላይ ትእዛዝ የሚሰጠው የእሳት አለቃው ብቻ እንዲሆን፣ ሌላው ሹም ሁሉ በማዕርግ ቢበልጠው እንኳ በሥራው እንዳይገባ ተወሰነ። የገዛ ሥልጣናቸው ጥፋቱን እንዳባባሰው አምነው፣ የዚያን ሥልጣን ቁራሽ ለአንድ የአናጢ ልጅ መልቀቃቸውን ሳስብ፣ የኤዲንብራ ሹማምንት ከሠሩት ሁሉ ይህ የሚበልጥ ይመስለኛል። በስኮትላንድ የእሳት አለቃ የሚለው ማዕርግ ከዚያ ወዲህ ትውልዶችን ተሻግሮ የቆየው ከዚህ ሥልጣን ጋር ነው።

ብሬድዉድ ያገኘውን ሥልጣን ሥራ ላይ ለማዋል ጊዜ አላጠፋም። ሰዎቹን በየሳምንቱ ረቡዕ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየቀሰቀሰ ያሠለጥናቸው ነበር፤ በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ነው፣ ሰዎቹም ከልምምዱ በኋላ ወደ ዕለት ሥራቸው ይደርሳሉ፣ ከሁሉም በላይ እሳት የሚበረታው በሌሊት ነውና እጃቸው በጨለማ መሥራትን ይለምዳል። መኪናዎቹን በየቀለማቸው፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብጫና ግራጫ አድርጎ ከፈላቸው። በጩኸትና በጭስ መካከል የሰው ድምፅ ስለማይሰማ፣ መርከበኞች በሚጠቀሙበት ዓይነት ፊሽካ ትእዛዙን ያስተላልፍ ጀመር። ራሳቸውን ከሚወርደው ፍርስራሽ የሚጠብቅ የደነደነ የቆዳ ቁርም አስለበሳቸው፤ ከቁሩ በስተኋላ የተንጠለጠለው ቆዳ ፍምና የፈላ ውኃ ወደ ማጅራታቸው እንዳይገባ ይከለክላል።

የአሠራሩም ፍልስፍና አዲስ ነበር። እስከዚያ ዘመን ድረስ የተለመደው መንገድ ላይ ቆሞ በመስኮት በኩል ውኃ መወርወር ነበር፤ እንዲህ የተወረወረ ውኃ ግን ጭሱን ያርሳል እንጂ የሚነደውን ነገር እምብዛም አይነካም። ብሬድዉድ ሰዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው የእሳቱን ምንጭ ፈልገው ውኃውን በዚያው ላይ እንዲያሳርፉ አዘዘ። ጭስ በሞላበት ክፍል ንጹሕ አየር የሚገኘው ከወለሉ አጠገብ ስለሆነ ተንበርክከው እንዲሄዱ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲያወጣው ከቶ ብቻቸውን እንዳይገቡ፣ ነፋስ እሳቱን እንዳይመግበው በሮችና መስኮቶች ሳያስፈልግ እንዳይከፈቱ አስተማራቸው። ራሱም ከኋላ የሚያዝ አልነበረም፤ በሚቃጠል የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ ባሩድ መኖሩ በተነገረው ጊዜ ገብቶ በርሜሎቹን በገዛ እጁ ማውጣቱ ይነገርለታል። ይህን ሁሉ ትምህርት በ1830 በመጽሐፍ አሳተመው፤ በዚያው ዓመት ሰውን ከፎቅ ለማውረድ ላዘጋጀው የሰንሰለት መሰላል ከለንደን የጥበባት ማኅበር የብር ሜዳሊያ ተሸለመ።

ለንደን የኤዲንብራን ሥራ አይታ ሰውየውን ወሰደችው። በዚያ አሥር የመድን ኩባንያዎች ተባብረው ባቋቋሙት፣ ከ1833 ጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮ ሥራ በያዘው ድርጅት ላይ አለቃ ሆኖ 28 ዓመት አገለገለ፤ በ1834 የፓርላማው ሕንፃ ሲቃጠል ጥንታዊው የዌስትሚንስተር አዳራሽ እንዲተርፍ የደከሙትን ሰዎች የመራውም እሱ ነው። ጁን 22 ቀን 1861 በቴምዝ ወንዝ ዳር በቱሊ ስትሪት የጥጥ፣ የስኳርና የሞራ መጋዘኖች ተቀጣጠሉ። ክፍሎቹን ከክፍሎች የሚለዩት የብረት በሮች፣ ብሬድዉድ ዕድሜውን ሙሉ ይዘጉ ብሎ የመከረባቸው በሮች፣ ክፍት ተትተው ነበር። ሰዎቹን እየዞረ ሲያበረታ ግድግዳ ወደቀበትና ሞተ፤ አስከሬኑ ከፍርስራሹ የወጣው በሁለተኛው ቀን ሲሆን፣ እሳቱ ግን ሁለት ሳምንት ያህል ነደደ።

ኩባንያዎቹ ከዚህ ኪሳራ በኋላ ለንደንን የመጠበቅ ሸክም ከእንግዲህ ከአቅማችን በላይ ነው ብለው ለመንግሥት አስታወቁ። ፓርላማው በ1865 ሕግ አወጣ፤ በሕጉም መሠረት ከ1866 ጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮ የለንደን እሳት አጥፊዎች የሕዝብ አገልጋዮች ሆኑ፤ ኤዲንብራ መኪናዎቿን በአንድ የከተማ አለቃ ሥር ካደረገች አርባ አንድ ዓመት አልፎ ነበር።