ለቁራሌ ሊሸጥ የነበረው ድራም

መጋዘናችን ውስጥ ያለው አሮጌ ድራም በሒሳብ መዝገባችን ዋጋው ካለቀ ቆይቷል፤ ለቁራሌ ይሸጥ ተብሎም ነበር። ታሪኩን ስናይ ግን እጃችንን ሰበሰብን። ድሮ ትልቁንና ትንሹን ከበሮ በብዛት የሚመቱት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። በ1909 እ.ኤ.አ. የሉድቪግ ወንድማማቾች ቺካጎ ውስጥ ፈጣን የእግር ፔዳል ይዘው ሲነሡ ሥራው ለአንድ ሰው ቀለለ (የሁለተኛው መቺ እንጀራ ምን እንደሆነ ይታሰብ!)። ፊቱም እስከ 1950ዎቹ የጥጃ ቆዳ ነበር፤ እንደ እኛው ከበሮ በእርጥበት ይላላል፣ በሙቀት ይወጠራል። ፕላስቲክ ከዚያ ወዲህ መጣ።

ብሎኖቹን ፈትተን የክሮሙን ዝገት ውኃ በነካው የአሉሚኒየም ፎይል አሸን። ሲምባሉን ግን በአመድ አልፈተግነውም፤ የፋብሪካው ማኅተም ይጠፋል። አሁን የሚቀረን ሁለት ፊት መግዛት ነው። ከዚያ ለሠርግ እናከራየዋለን፤ ገቢው ለአባላት ብድር ይውላል።